ከጫፉ የታሰረው ጉንጉን

ዊግ ሠሪው ከመሰላሉ ሥር ተዘርሮ የተገኘው ጠዋት ሱቁ ሲከፈት ነበር። ሐኪሙ የተሰበረ ጭንቅላቱን አይቶ «ወድቆ ነው» ሲል መርማሪዋ ቆይ አለችው። ዓመታት ብቻውን የበላ ሰው የሌላውን ቤት ማስተዋል ይለምድበታል፤ እሷም እንደዚያ ናት። ሟቹ ዓይኑ ላይ ያደረገው ጸጉር ሲቋጥር ብቻ የሚያደርገውን ወፍራም የቅርብ መነጽር ነው። ያንን አድርጎ መሰላል የሚወጣ ሽማግሌ የለም።

ሬሳውን ያገኘው የሥራ ባልደረባው ነው፤ ከቅጥነቱ የተነሳ «መርፌ» ይሉታል። ትናንት ሲመሽ ወደ ቤቱ ሲሄድ ሟቹ የእህቱን ሣጥን እያገላበጠ ነበር አለ። ለምን እንደሆነ አልጠየቀም፤ በሃያ ዓመት ውስጥ ሁለቱ ከሥራ ውጭ ያወሩት በጣት ይቆጠራል።

ጥግ ላይ መዳብ የመሰለ ቀይ ጸጉር ያላት ወጣት ተቀምጣ ነበር፤ የሟቹ ልጅ ናት፣ ወይም ናት ትላለች። የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት እንደተወለደች ሟቹ ጸጉሯን አይቶ እናቷን ከነአራስነቷ አባረራት። ቀይ ጸጉር ከሁለቱም ወገን ካልመጣ እንደማይወጣ ያውቅ ነበር። የሚስቱ አባት ጸጉራቸው ቀይ ነበር፤ በእሱ ወገን ግን ማንም የለም ብሎ ያምን ነበር። እናቷ ስትሞት ልጅቷ ሰው አጣችና ትናንት መጣች።

«ምን አለሽ?» አለች መርማሪዋ።

«ብዙም አላወራም። የእናትህን ማስታወሻ አንድ ነገር ስጠኝ አልኩት፤ ፈልጌ አቆይልሻለሁ፣ ነገ ነይ አለኝ።»

የሟቹ ታላቅ እህት ከሱቁ ጀርባ፣ አብረው በሚኖሩበት ቤት ወጥ ቤት ነበሩ። ወንድማቸውን ሚስቱን ካባረረ ጀምሮ ያኖሩት እሳቸው ናቸው። ተኝቼ ነበር፣ ምንም አልሰማሁም አሉ። ጠረጴዛው ላይ ያልተነካ ቁርስ ቀዝቅዟል።

«ቁርስ መቼ ነው የሚያቀርቡት?»

«ሁልጊዜ ሱቁ ሳይከፈት።»

ጠረጴዛው ላይ ያለው አንድ ሳህን ብቻ መሆኑን መርማሪዋ አየች። የራሷ ጠረጴዛም እንደዚያው ነው።

ወደ ሱቁ ተመልሳ መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ ከፈተች። ጸጉሩ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ተኝቶ ከሥሩ ታስሯል። ከላይኛው መሳቢያ አንድ አሮጌ ጉንጉን ብቻ ከጫፉ ታስሮ፣ ሥሩ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። ጨርቁን ፈታችው። ዊግ መስፊያ ከሚሆኑት ስድስት የእንጨት ራሶችም አምስቱ አቧራ ሲለብሱ አንዱ ታጥቧል።

ሦስቱንም ሰዎች ሰበሰበቻቸው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ እሷም ከሥሩ ጀመረች።

«ሟቹ የሞተው ተቀምጦ፣ አንድ ነገር በቅርብ እያየ ነው። ያየው ይህን ነው።» ጉንጉኑን ዘረጋችው። ጥቁር ነው፤ ሥሩ ጋ ግን አራት ጣት ያህል ቀይ። «የእናቱ ጸጉር ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቀለም ሲቀቡ ኖረው፣ የአልጋ ቁራኛ ሲሆኑ የሚቀባቸው ጠፋ። በኋላ የሰውን የጸጉር ቀለም በጣቱ ዳስሶ የሚለየው ልጃቸው ያኔ ሙያ ሊማር ሩቅ ሄዶ ነበር።»

«ታዲያ እኔ ልጁ ነኝ?» አለች ወጣቷ።

«ይህ ብቻውን ያንን አያረጋግጥም። እናትሽ የተባረረችበትን ምክንያት ግን ያፈርሰዋል። ቀይ ጸጉር ያላት እናት ለልጆቿ ሁሉ ቀዩን ታወርሳለች፤ በእነሱ ላይ ባይታይም ውስጣቸው አለ።»

ከዚያ ጉንጉኑን ማን እንደደበቀው አስረዳች። «መርፌ በእንቅልፍ ልቡም ቢሆን ጸጉር ከጫፉ አያስርም። ልጅቷ ቀዩ እንዲታይላት እንጂ እንዲደበቅ አትፈልግም። ሣጥኑ የማን ነው? እናትየውን ያስታመመስ ማን ነው?» ወደ እህትየዋ ዞረች። «ሬሳው የተገኘው ሱቁ ሲከፈት ነው። ለሁለት ሰው ማቅረብ የለመዱ እመቤት ከዚያ በፊት አንድ ሳህን ብቻ አቀረቡ።»

እህትየዋ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆኖባቸው ነው እንጂ፣ መካድ እንደማያዋጣ ያወቁት ገና ስለ ቁርስ ሲጠየቁ ነበር።

«እናቴ ለማንም አትንገሪ ብላ አስምላኛለች» አሉ። «ሚስቱ ስትሄድ እኔ ጋ ቀረ። ያኔ ብናገር ኖሮ ማን ይኖረኝ ነበር? ትናንት ጉንጉኑን ይዞ አለቀሰ፤ ከልጄ ጋር እኖራለሁ አለኝ። የእንጨቱ ራስ እጄ ላይ ነበር። አሁንም ማንም የለኝም።»

መርማሪዋ ሴትዮዋን መጥላት አቃታት፤ ሥራዋን ግን ሠራች። ደጅ ላይ መኪና ቆመ።

ልጅቷ በሩ ላይ ደረሰችባቸው። «አክስቴ» አለች፤ ቃሉን ከአፏ ስታወጣው የመጀመሪያዋ ነበር። «ስለ እኔ ሌላ ምን አለ?»

እህትየዋ ቀና ብለው ቀዩን ጸጉር አዩ።

«ነገ ስትመጣ ጸጉሯን እኔ አበጥርላታለሁ አለ።»