የትርንጎ መንታ

ትርንጎ ቢሮዋ ስትገባ መንታዋ የጠዋት ሥራውን ጨርሶ ነበር። መንታ የሚሉት የግብርና ባለሙያውን ድምፅ ይዞ ንጋት ላይ ለገበሬው ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚደውለውን ማሽን ነው። በወረዳው መንታ የሌለው ባለሙያ የለም። ገበሬው ደህና ነው ካለ ማሳው ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ይሆናል፤ ዛሬም የጉንዳ ቀበሌ ስንዴ እንዳለ አረንጓዴ ነው። ዋግ ለሚባለው የስንዴ በሽታ መድኃኒት የሚረጩት ድሮኖች እዚያ ሥራ ስላጡ ከቀትር በኋላ ወደ ቆላ ሊዛወሩ ነው።

ረፋዱ ላይ አያ ይስማው በሩን ገፋ አድርገው ገቡ። ከጉንዳ በእግራቸው ነው የመጡት። ትርንጎ ሰላም ልትላቸው ብድግ ስትል ዓይኗ ሱሪያቸው ላይ ቀረ። ከጉልበታቸው በታች ቢጫ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ስንዴውን አቋርጠው ሲመጡ የነካቸው ነው። ዋግ ነው።

"አያ ይስማው፣ ይሄ ነገር መቼ ገባ?"

"ሰነበተ እኮ፣ እታለም። ነግረንሽ የለም እንዴ?"

"ለኔ?"

"ታዲያ ለማን? በየጠዋቱ የምትደውይው አንቺ።"

ትርንጎ መንታዋ የቀዳውን ከፈተች። የራሷ ድምፅ፣ ያውም ከሷ የበለጠ ጨዋ ሆኖ፣ ስንዴው እንዴት እንደሆነ ይጠይቃል።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው" ይላሉ አያ ይስማው።

"ደስ ይላል፣ መልካም ቀን" ይላል መንታው። መስመሩ ሊዘጋ ሲል የሽማግሌው ድምፅ ይከተላል። "ግን እታለም..."

የሌላ ገበሬ ጥሪ ከፈተች። ሌላውንም። ጉንዳ ውስጥ ሳያመሰግን ችግሩን የሚያወራ ሰው የለም፤ እንኳን ስንዴው፣ ልጁ ቢታመምበት እንኳ አፉ የሚፈታው በተመስገን ነው። ትርንጎ ይህን አሳምራ ታውቃለች። በእግሯ በምትዞርበት ዘመን ከሰላምታው በኋላ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቅ ነበር፤ ዋናው ጉዳይ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። መንታዋን የሠሩት ሰዎች የተናገረችውን ሁሉ ወሰዱ። ዝም ያለችበትን ግን ባዶ መስሏቸው ቆርጠው ጣሉት። ተናደደች፤ አፈረችም።

"ይደርስልናል?" አሉ አያ ይስማው።

"ዛሬ ከተረጨ ገሚሱ ይተርፋል። ነገ ከሆነ ግን አለቀ።"

ድሮኖቹ የሚታዘዙት ከዞን ብቻ ነው፤ ዞን ደግሞ ከአንድ ባለሙያ በቀን ከአንድ ጥሪ በላይ አይቀበልም። ደወለች። ያነሳው የኃላፊዋ የአቶ ጓንጉል መንታ ነው። እዚያ ሰው ስልክ ካነሳ ዓመታት አልፈዋል።

"ትርንጎ፣ እንዴት አረፈድሽ? ሥራ እንዴት ነው?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው፤ ግን..."

"ደስ ይላል፣ መልካም ቀን።"

ደግማ ደወለች። የዕለቱ ሪፖርቷ ተመዝግቦ መዘጋቱን ያው ድምፅ በትሕትና ነገራት። ስልኩን አስቀመጠችና ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።

አያ ይስማው ሁሉን ሰምተዋል። አልተቆጧትም።

"አይዞሽ፣ እታለም። እኛንም እንዲሁ ነው ያደረገን።"

ወንበሯን ስባ አጠገባቸው ተቀመጠችና ዝም ብላ ጠበቀች። ከቆይታ በኋላ አያ ይስማው ስለ ስንዴው ማውራት ጀመሩ። ድሮኖቹ በጣሪያው ላይ ወደ ቆላ ሲያልፉ ሽማግሌው ወሬያቸውን ገና አልጨረሱም ነበር።