የአርባ ሺህ ፍራንክ ልዩነት

ጥበብ ወለላን የተዋወቃት ሲነጫነጭባት ነው። አዎ፣ ፍቅር ከንጭንጭም ይጀምራል! ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር እሷ ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት የገዛውን ክኒን ባንኮኒው ላይ ዘርግፎ አንድ በአንድ ቆጠረና፣

«እህት፣ አንድ ፍሬ ጎድሏል» አላት።

«ለአንድ ክኒን ብለህ ነው በዚህ ሙቀት ከአርሂባ ሰፈር ድረስ የተመለስከው?»

«አንድም ቢሆን የኔ ነው።»

ወለላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ጥበብ ወደብ ላይ ከመርከብ የሚወርድ ጆንያ ቆጣሪ ነው። ሥራው ተጋብቶበት ይሁን ተፈጥሮው እንጃ፣ የጎደለች ነገር እንቅልፍ ትነሳዋለች። እሷ ደግሞ ይህንኑ ወደደችለት። ከአራት ዓመት በፊት ሠርጓ ሦስት ሳምንት ሲቀረው እጮኛዋ ድምፁን አጥፍቶ ጠፍቶባታል። የጥሪ ካርድ ሁሉ ተበትኖ! እናም አንዲት ክኒን የማይረሳ ወንድ እኔንም አይረሳም ብላ አመነች። ምስኪን።

ዓመት ሳይሞላ ሽማግሌ ላከ። አባቷ ጋሽ ተክለወልድ ፈቀዱ፣ ቀን ተቆረጠ። ከሠርጉ በኋላ ዛንዚባር አምስት ቀን ሊቆዩም ናዒማ የምትባል ልጅ ከምትሠራበት የጉዞ ቢሮ ሙሉውን ከፍለው ያዙ። የጥበብ ስልክ ያን ቀን ጥገና ላይ ስለነበር የተመዘገበው የወለላ ቁጥር ነበር።

ሠርጉ ሃያ ቀን ሲቀረው ጥበብ በቢሮው በር ሲያልፍ ማስታወቂያ አየ። ያው ዛንዚባር፣ ያው ሆቴል፣ ያው ቀን... አርባ ሺህ ፍራንክ ቀንሷል! ደሙ ፈላ።

«ናዒማ፣ ልዩነቱን መልሺልኝ!»

«ወላሂ አይቻልም ወንድሜ። አንተ ስትገዛ ዋጋው ያ ነበር።»

«ታዲያ ቀድሜ በመክፈሌ ልቀጣ?»

«አንድ መንገድ አለ። የያዝከውን ትሰርዛለህ፣ ገንዘብህ በሳምንት ውስጥ ይመለሳል፣ ከዚያ በአዲሱ ዋጋ ትይዛለህ። ግን ከወለላ ጋር ተማክራችኋል?»

«እሷማ ስትሰማ ደስ ይላታል። ሰርዢው!»

ሰረዘችው። እሱም እያፏጨ ወደ ሥራው ሄደ። የስንዴ መርከብ ገብቷል፤ መርከብ ላይ የሚወጣ ሰው ደግሞ ስልኩን ወደቡ በር ላይ አስረክቦ ነው።

ወለላ መድኃኒት እየሰጠች ሳለ መልእክት ገባላት። «በጥበብና በወለላ ስም የተያዘው ጉዞ በደንበኛው ጥያቄ ተሰርዟል።» ይኸው ብቻ!

ደወለች። አይነሳም። ደግማ ደወለች፣ አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል አርሂባ ሄደች፤ ቤቱ ተቆልፏል። ጎረቤቱን ብትጠይቅ «በጠዋት ወጣ፣ ምንም አልነገረኝም» አለቻት።

«ዳግመኛ! አምላኬ፣ ዳግመኛ!»

ጋሽ ተክለወልድ ልጃቸው እንደዚያ ሆና ስትገባ ሲያዩ አልቻሉም። «ያኔ ከሰው አፍ ሰማን። አሁን እኛው ቀድመን እንናገራለን» አሉና ለሽማግሌዎቹ ደውለው ሠርጉ ቀርቷል አሉ።

ጥበብ አመሻሽ ላይ ስልኩን ሲቀበል ያ ሁሉ ጥሪ ተደርድሯል። የቬሎው ነገር ይሆናል ብሎ እየሳቀ ከነላቡ እነወለላ ቤት መጣ።

«ወለላዬ! አርባ ሺህ ፍራንክ አተረፍን!»

ዓይኗ አብጦ ሲያይ፣ መልእክቱን ሲያሳዩት፣ ያኔ ገባው። እግሯ ሥር ወደቀ።

«ስሞትልሽ ወለላ! ማታ ልነግርሽ ነበር እኮ!»

«አምንሃለሁ» አለችው። «ክፋት የለብህም። ግን ስትሰርዘው፣ እሷ ብትሰማ ምን ይሰማታል ብለህ ለአንዲት ደቂቃ አሰብክ?»

እግሯን ሊስም ሲል ሰበሰበችው።

«አርባ ሺህ ፍራንክ ስትቆጥር እኔን ከሰው አልቆጠርከኝም።»

በዚያ ሳምንት ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተመላለሰ። አባቷ እንኳ «ልጄ፣ ስህተት ነው፣ ይቅር በይው» አሏት። እሷ ግን ድሬዳዋ ያለችው እህቷ ጋ ለመሄድ ቆርጣ ነበር። ጥበብ ናጋድ ባቡር ጣቢያ ደረሰባት። ጢሙ አድጓል፣ ከስቷል።

«ጠላሽኝ ወለላ?»

«ብጠላህማ ይቀለኝ ነበር! ያን ቀን ከቀትር እስከ ማታ የተጣልኩ ሴት ሆኜ ዋልኩ። እንደገና ሰው ባምን እብዳለሁ። ካሁን በኋላ ስልክህ ባልተነሳ ቁጥር ልቤ ሊቆም ነው። እንዲህ ሆኜ እንዴት ልኑርልህ?»

«እሺ፣ ጊዜ ውሰጂ... እጠብቅሻለሁ።»

«አትጠብቀኝ ጥበቤ። የማይመጣ ሰው መጠበቅን እኔ አውቀዋለሁ። ላንተ አልመኝልህም።»

ጉንጩን ዳሰሰችውና ገባች። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ጥቂት ከጎኑ ተራመደ፣ ከዚያ ቆመ። ስልኩ ጮኸ። እሷ መስላው ፈጥኖ አነሳው። ናዒማ ናት።

«ጥበብ፣ እንኳን ደስ አለህ! ገንዘብህ መጥቷል፣ ዋጋውም አልጨመረም። ለሁለት ሰው ልያዝልህ?»

«የለም ናዒማ...» አለ። «ሁለት ሰው የለም።»

እዚያው ጣቢያው ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሰው ያየኛል ሳይል አለቀሰ።