የጎመን ሽታ የጠራቸው ምስክሮች

ተመራማሪው በመስታወት ቤቱ ውስጥ፣ በጥቅል ጎመኖቹ መካከል በግንባሩ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ማጅራቱን በአበባ ማስቀመጫ ተመትቷል። አጠገቡ ከጎመን ሽታ የተጣራ ዘይት የያዘችው ጠርሙስ ተሰብራለች፤ የዚያች ዘይት አንድ ጠብታ የአገሩን ተባይ ሁሉ ከአድማስ እስከ አድማስ ትጠራለች!

ፖሊሶቹ ለሚስቱ ካቴና አዘጋጅተው ሳለ መርማሪዋ ደረሰች። ንስር ይሏታል። ሦስት ሰፈር ማዶ የገነፈለ ወተት የሚለየው አፍንጫዋ ዛሬ በጉንፋን ተዘግቷል።

«ትናንት ተጣልታችሁ ነበር አሉ?» አለቻት ሚስቱን።

«አዎ! ጎመኑን እያሞላቀቀ እኔን ረሳኝ። በጎመን የቀናሁ ሴት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ግን አልገደልኩትም።»

«ቅናቷ ነው ወንድሜን የበላው!» ጮኸች የሟች እህት።

«እርስዎስ የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ከእሷ ጋር አንድ አየር ላለመተንፈስ!»

የሟች የሥራ ባልደረባ ጸጉሩ ገና እርጥብ ነው፤ ሸሚዙ ሳሙና ሳሙና ይላል። «እኔ የማጠናው ተባይ የሚያባርር ሽታ ነው» አለ ጥርሱን ነክሶ። «የሚጠራውን አብረን ጀመርነው፤ ስሙ የተነሳው ግን የእሱ ብቻ! ያቺን ጠርሙስ አንድ ቀን እንኳ አስነክቶኝ አያውቅም።»

«አንድ ቀን እንኳ?»

«በእናቴ እምላለሁ!»

ንስር ሁሉንም ሳሎን ሰብስባ መጋረጃውን ዘጋች። «አፍንጫዬ ሥራ ስላቆመ ከሟች ቤተ ሙከራ ሌላ አፍንጫ ተውሻለሁ» ብላ የሽቦ ሳጥን ከፈተች። የእሳት እራቶች ወጡ። «እንቁላል የተሸከሙ እናቶች ናቸው። ልጆቻቸው የሚበሉትን ጎመን በጠረኑ ፈልገው ያገኛሉ። ጉንፋንም አይዛቸው።»

እራቶቹ ሚስቲቱን አለፉ። እህቲቱንም አለፉ። የባልደረባው እጅ ላይ ግን ተረባርበው ሰፈሩ።

«ተዉ! ሂዱ!» እጁን አራገፈ።

«ጠርሙሷ የተሰበረችው ሟች ሲወድቅ ነው» አለች ንስር። «ዘይቱ የረጨው አጠገቡ የቆመውን ነው። ሥራዬ ስለሆነ ነክቶኝ ይሆናል እንዳይሉ፣ ነክቼው አላውቅም ብለው ምለዋል። አስምሎ ያስያዘዎት ቅናትዎ ነው።»

«ታጥቤያለሁ እኮ! ልብሴንም አጥቤያለሁ!»

«የሰዓትዎን የቆዳ ማሰሪያስ? ቆዳ ዘይት ይጠጣል፤ እሱን ማን ያጥባል?»

ባልደረባው አንገቱን ደፋ። ሚስቲቱ እንባዋን ጠርጋ ትኩር ብላ አየችው።

«ለካ በጎመን የቀናሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም» አለች።

ካቴናው ከሰዓቱ በላይ ቀጭ አለ። እራቶቹ ግን ንቅንቅ አላሉም፤ እንቁላላቸውን መጣል ጀምረዋል።