ሁለተኛው ሪሞት

ይህ ታሪክ የተፈጠረ አይደለም፤ የሆነ ነው። ማመን ያቃተው ሰው ሸዋ ሮቢት ወርዶ ኪሩቤልን ይጠይቅ።

እኔ የሰማሁት ከራሱ አፍ ነው። ሲነግረኝ ያዘዘውን ሻይ ሳይነካው በረደ። ስለዚህ እባካችሁ፣ ኮሜንት ላይ አትሳለቁ።

ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው።

አዎ፣ ቀትር!

አስፈሪ ነገር በሌሊት ብቻ ነው የሚሆነው ያላችሁ ማነው? የሸዋ ሮቢትን ቀትር አታውቁትም ማለት ነው። በዚያ ሰዓት አስፋልቱ ይፈላል። ውሻው ድልድይ ሥር ይገባል፣ ባለባጃጁ ጥላ ፈልጎ ይተኛል። ከተማው ሰው የኖረበት አይመስልም።

ኪሩቤልና ዘላለም አብሮ አደጎች ናቸው። አንድ ዴስክ ላይ ተምረው፣ አንድ ማሳ ላይ ሽንኩርት አልምተው፣ በሽንኩርቱ አንድ ሞተር ለሁለት ገዙ። አንድ ቀን ኪሩቤል፣ አንድ ቀን ዘላለም፣ እየተፈራረቁ ሰው ያመላልሱባት ነበር። ሰዉ "ባልና ሚስት እንኳ እንዲህ አይስማማም" እያለ ይቀልድባቸዋል።

ታዲያ የሞተር ሌባ በዛ ተባለና ዘላለም ደብረ ብርሃን ሄዶ አላርም ገዝቶ መጣ። ሌባ ሲነካት ይጮሃል። በሪሞት ይዘጋታል፣ ይከፍታታል። ቁልፍ ሳይገባ እንኳ ሞተሯን ያስነሳታል።

ሊገጥሙት የሄዱት ሮቢ ወንዝ ዳር፣ የዘላለም እናት ማንጎ ሥር ነው። ከተማ ውስጥ በዚያ ፀሐይ ብረቱ አያስነካማ!

ካርቶኑን ከፈቱት። ስፖንጁ ላይ ለሪሞት የተቆረጠ ሁለት ቦታ አለ።

ሪሞቱ ግን አንድ ነው።

"ሌላውስ?" አለ ኪሩቤል።

"እኔ እንጃ። እንደዚህ ነው የሸጠልኝ።"

"ከፍተህ አላየኸውም?"

"ታሽጎ ነው የገዛሁት፣ ኪሩ።"

ኪሩቤል ካርቶኑን አገላብጦ አየው። ማሸጊያው ጥግ ላይ ተላጥ ብሏል። ነገሩን ሆዱ ውስጥ አስቀመጠው።

የመመሪያው ወረቀት ደግሞ ጉድ ነው። በአንዱ ገጽ ቻይንኛ፣ በሌላው እንግሊዝኛ ነኝ የሚል ነገር ተጽፎበታል። ሥዕሉ ላይ ያለችው ሞተር የእነሱን በጭራሽ አትመስልም። ወረቀቱ "ቀዩን ከጥቁሩ" ይላል። ከካርቶኑ የወጣው ገመድ ብርቱካናማና ቡናማ ነው።

"ይሄ ነው ቀዩ?"

"ይሆናል።"

"ይሆናል ማለት ምን ማለት ነው? ልታቃጥላት ነው?"

"አቦ አንተ ደግሞ! ዝም ብለህ ያዝልኝ።"

ዘላለም ድሮ ባጃጅ የሚሠራ ኤሌክትሪሺያን ጋ ውሎ ያውቃል። በአምፖል እየሞከረ ገመዶቹን አገናኘ፣ በናስትሮ ጠቀለለና ወንበሩ ሥር ወሸቃቸው።

የቀረው አላርሙን ከሪሞቱ ጋር ማስተዋወቅ ብቻ ነው። ሞተሯን ከፍተህ ትንሿ ቀይ መብራት እስክትበራ ትጠብቃለህ። መብራቷ ስትበራ አላርሙ እየሰማ ነው፤ በዚያች ቅጽበት የተጫነውን ሪሞት ጌታዬ ብሎ ይይዛል። "ቲት" ካለ ተቀብሏል ማለት ነው።

መብራቷ በራች።

"አንዴ ነው የሚጫኑት፣ ሁለቴ?"

"ወረቀቱን አምጣው እስቲ..."

ሁለቱም ወረቀቱ ላይ አጎነበሱ። ሪሞቱ ከጎናቸው ድንጋይ ላይ ነው። ማንም አልነካውም።

...ቲት።

ቀና አሉ።

"ተጫንከው እንዴ?" አለ ኪሩቤል።

"እኔ? እዚያ አይደል ያለው?"

መብራቷ ገና እንደበራች ነው። ዘላለም ሪሞቱን አንስቶ ተጫነው። አላርሙ ደግሞ "ቲት" አለ።

"በቃ፣ ሠራ!" ብሎ ዘላለም ሳቀ።

ኪሩቤል አልሳቀም። ዓይኑ የዘላለም ሱሪ ኪስ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ልብ ብላችሁ ስሙኝ።

ሪሞቱ ሞተሯን ተከትሎ ከእጅ ወደ እጅ እንዲዞር ተስማሙ። በኪሩቤል ተራ ቀን፣ ሳምቡሳ ከምትጠብሰው ከሙሚና ዳስ ፊት ለፊት ሞተሯን አቁሞ፣ ቆልፎ፣ ሊበላ ተቀመጠ። ሪሞቱ እጁ ላይ ነው።

ቲት ቲት።

ተከፈተች።

ዞር አለ። ሰው የለም። መልሶ ቆለፋት። ሳምቡሳውን ሳይጎርስ...

ቲት ቲት።

ደወለ።

"ዘላለም፣ የት ነህ?"

"ቤት ተኝቻለሁ። ምነው?"

"ምንም።"

ከስልኩ ውስጥ ውሃ ሲወርድ ይሰማል። በዘላለም ሰፈር ደግሞ ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል።

'ወንዝ ዳር ሆኖ ቤት ነኝ ይለኛል' አለ ኪሩቤል በልቡ። ነገሩ ከነከነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓደኛውን በጎሪጥ ማየት ጀመረ።

በሚቀጥለው ተራው፣ እዚያው ቦታ፣ ሞተሯ በራሷ ተነሳች። ሮጦ ሄዶ አጠፋት። የኋላውን ወንበር ሲነካው... እርጥብ ነው። በሸዋ ሮቢት ፀሐይ! ያፈሰሱት ውሃ መሬት ሳይደርስ በሚደርቅበት አገር!

ሙሚና በእጇ ጠራችውና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ጓደኛህን ምን ነካው? ሰላም ብለው ዘጋኝ።"

"የትኛው ጓደኛዬ?"

"ዘላለም ነዋ! አሁን ሞተሯ ላይ ተቀምጦ አልነበር?"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ወላሂ፣ ሸሚዙን አላውቀውም? ጀርባውን ነው ያየሁት። ብቻ..."

"ብቻ ምን?"

"እሱ ረጅም አይደል? እግሩ መሬት አልደረሰም።"

ይህችን የመጨረሻዋን ኪሩቤል አልሰማትም። ንዴቱ ጆሮውን ደፍኖት፣ ሞተሯን አስነስቶ በቀጥታ ወደ ዘላለም ቤት በረረ።

"ሁለተኛውን ሪሞት አምጣ።"

"ምን?"

"አትቀልድብኝ፣ ዘላለም። ሰው አይቶሃል።"

"ሌባ እያልከኝ ነው?"

ኪሩቤል እጁን ዘርግቶ ጠበቀ። ዘላለም የሱሪውን ኪስ ገልብጦ አሳየው። ሸሚዙን አውልቆ አራገፈው። ዓይኑ እንባ ሞላ።

"ኪሩ... እኔና አንተ?"

ኪሩቤል ፊቱን አዞረ። እሱን ያንገበገበው ሞተሯ አይደለችም። ወንድም የለውም፤ ያለው ዘላለም ነው። እሱ ከከዳው በኋላ ማንን ሊያምን ነው?

"ተነስ" አለ ዘላለም፣ ሸሚዙን መልሶ እየለበሰ። "ማንጎው ሥር እንሂድ። ወድቆም ከሆነ እንፈልገዋለን። አላርሙ የሚያውቀውን ሪሞት ሁሉ ዓይንህ እያየ አጠፋልሃለሁ።"

"አሁን?"

"አሁን።"

ቀትር ነበር።

ማንጎው ሥር ቅጠሉን ሁሉ አገላበጡ። ምንም የለም። ዘላለም ያቺን የተረገመች ወረቀት አወጣ። ከማጥፋትህ በፊት አላርሙ ስንት ሪሞት እንደሚያውቅ በድምፅ ይነግርሃል ትላለች።

ሞተሯን ከፈታት። ቀይዋ መብራት በራች።

ቲት...

ቲት።

"ሁለት" አለ ኪሩቤል በሹክሹክታ። "ሰማህ? ሁለት!"

የዘላለም ፊት አመድ መሰለ።

"ማርያምን አላውቅም፣ ኪሩ። ያን ቀን እኮ ማናችንም ሳንነካው..."

"ዝም በል! በማርያም ስም አትዋሽ!"

ዘላለም ወረቀቷን ጣላት።

"ፊቴን ልታጠብ። ስመለስ ቁርጡን ትነግረኛለህ፤ ወንድምህ ነኝ ወይስ ሌባህ።"

ወደ ወንዙ ወረደ። ሸምበቆው ዋጠው።

ኪሩቤል ብቻውን ቀረ። ንዴቱ ቀስ በቀስ በረደለት። ያ የተገለበጠ ኪስ፣ ያ እንባ ዓይኑ ላይ መጣ። 'ምን ሆኜ ነው ግን? እሱ ነው የሚሰርቀኝ?' አለ። አፈረ። ጠርቶ ይቅርታ ሊጠይቀው አፉን ከፈተ።

ገና ሳይጠራው...

"አቤት!" አለ ዘላለም ከሸምበቆው ውስጥ።

ኪሩቤል ባለበት ደረቀ።

እሱ አልተጣራም። ሌላ ሰውም የለም።

እኛ አካባቢ ትልልቆቹ፣ በቀትር ወንዝ ዳር ስምህ ሲጠራ ቶሎ አቤት አትበል ይላሉ። ሁለተኛ እስኪጠራህ ትጠብቃለህ፤ ሰው ከሆነ ደግሞ ይጠራሃል፤ ሰው ካልሆነ አይደግምም። ዘላለም ይህን አጥቶት አይደለም። ኪሩቤል የጠራው መስሎት ነው። ይቅርታ ሊለኝ ነው ብሎ፣ ቸኩሎ።

"ዘላለም! ማነው የጠራህ?"

ሁለት እርምጃ ወደ ሸምበቆው ቀረበ።

"ዘላለም!"

ውሃው እንኳ ድምፁን አጠፋ። ከኋላው፣ ማንም ሳይነካት፣ ሞተሯ አንዴ "ቲት" አለችና ቀይዋ መብራት ጠፋች።

ከዚያ ሸምበቆው ተከፈተ። ዘላለም ወጣ። ፈገግ ብሏል።

"እንሂድ" አለ።

"ታጠብክ?"

"ታጠብኩ።"

ፊቱ ላይ ጠብታ ውሃ የለም። ላብም የለም። ኪሩቤል ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ያየዋል... የዘላለም ግንባር እንደ ጠዋት ድንጋይ ደረቅና ቀዝቃዛ ነው።

"ይቅርታ አድርግልኝ፣ ወንድሜ" አለ ኪሩቤል።

"ለምኑ?"

እየቀለደ አይደለም። በእውነት የማያውቅ ሰው ነው የሚመስለው።

በማግስቱ ኪሩቤል አላርሙን በፒንሳ ቆራርጦ ሽንት ቤት ጨመረው። ሞተሯ ደህና ሆነች። ዘላለምም ይሠራል፣ ይበላል፣ ይስቃል። ከዚያ ወዲህ ተጣልተው አያውቁም። ሰዉ "ተመስገን፣ ታረቁ" አለ።

የዘላለም እናት እትዬ ከበቡሽ ኪሩቤልን መንገድ ላይ አግኝተው አገላብጠው ሳሙት።

"እግዜር ይስጥህ ልጄ። ምን ብለህ መከርከው? ድሮ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጠርቼው የማይመጣ ልጅ፣ አሁን ገና ከንፈሬን ሳንቀሳቅስ አቤት ይለኛል።"

ኪሩቤል "አሜን" ብሎ አለፈ። ሌላ ምን ይበላቸው?

ይህ በሆነ በሳምንቱ ኪሩቤል ሙሚና ዳስ ተቀምጧል። ዘላለም ጀርባውን ሰጥቶት በባልዲ ሞተሯን ያጥባል። ኪሩቤል ስልኩን ሊያወጣ እጁን ኪሱ ሲከት አንድ ነገር ነካ። ሪሞቱ ነው። አላርም የሌለው ሪሞት ምን ያደርጋል? ሊጥለው አወጣው። ግን ጣቱ... ለምን እንደሆነ እሱም አያውቅም... ተጫነው።

ሞተሯ ዝም አለች።

"አቤት" አለ ዘላለም፣ ሳይዞር።

ኪሩቤል ሪሞቱን ከእሳት እንደወጣ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። እጁን ሰበሰበ። ሙሚናም ጭልፋዋን እንደያዘች ቀረች። ሪሞቱን የነካው ማንም የለም።

"አቤት" አለ ዘላለም እንደገና።

አሁን ግን ቀና ብሎ ወደ ወንዙ በኩል ነው የዞረው።

ባልዲውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። በዚያ ፀሐይ፣ በባዶ አስፋልት፣ ወደ ወንዙ መራመድ ጀመረ።

"ዘላለም!" ብሎ ኪሩቤል በስሙ ጠራው።

ሮጦ እየተከተለ ደግሞ ጠራው። እያለቀሰ ደግሞ ጠራው።

ዘላለም አልዞረም።