አርባ ሦስቱ ደጋፊዎች

«ሰማንያ ስምንተኛ ደቂቃ። አንድ ለአንድ ነን። ኳሱ እኛ ጋ ነው።»

ሩፈይዳ ይህን ጽፋ ላከችና ወዲያው ዓይኗን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሰች። ከኋላዋ የእናቷ የሐጂራ የስፌት መኪና ይንጣጣል። ለሠርግ የታዘዘ ቀሚስ ነገ ስለሚወሰድ እናቷ ቀና ብላ ለማየት እንኳ ጊዜ አልነበራትም። አባቷ ቡና ጭኖ አዲስ አበባ ሄዷል። በዚያ እሑድ ከሰዓት፣ በጅማ ከተማ በቾ ቦሬ ሰፈር ውስጥ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ለዋንጫ እየተጫወተ መሆኑን የሚያውቅ ሌላ ሰው ይኖር ይሆን? ሩፈይዳ አልመሰላትም። ጠዋት መንገድ ዳር ያለውን ኳስ ማሳያ ቤት ጠይቃ፣ «ለሴት ኳስ ጄነሬተር አናስነሳም» ብለው ስቀውባት ተመልሳለች።

«የሉሲዎቹ ደጋፊዎች ከጅማ» የሚለውን የፌስቡክ ገጽ ከከፈተች ዓመት አልፏታል። አርባ ሦስት ተከታዮች አሉት። ቡድኑ በተጫወተ ቁጥር የሆነውን ሁሉ በየደቂቃው ትጽፋለች። አብዛኞቹ አንብበው ዝም ነው። አንድ ሰው ግን ሁልጊዜ ይመልስላታል። ስሙ «አባቦራ አጋሮ» ይላል፤ ፎቶው ላይ ያለችው በቅሎ ናት። ፊደል ይሳሳታል፣ የሚጠይቀውም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሶስት ቁትርዋ እዴት ናት?»

ሦስት ቁጥር የምትለብሰው የግራ መስመር ተከላካይዋ አፊፋ ናት። ዛሬ ስለ እሷ መልስ መስጠት ከባድ ነበር። በመጀመሪያው አጋማሽ፣ ከጎን የተሻማ ኳስ አወጣለሁ ብላ በራሷ ግብ ላይ አስቆጥራለች። ሩፈይዳ ትንሽ አሰበችና፣ «ደህና ናት። አሁንም እየሮጠች ነው» ብላ ጻፈችለት።

ከዚያ ኳሷ መረብ ውስጥ ገባች፤ የእኛዋ ኳስ!

የሩፈይዳ ጩኸት የስፌት መኪናውን አስቆመው። «ምን ሆንሽ?» አለች እናቷ ደንግጣ።

«ኡሚ፣ አገባን! ሁለት ለአንድ!»

ሐጂራ መርፌውን ይዛ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች አብራት አየች። በጭማሪው ሰዓት ተጋጣሚዎቹ የመቷት ኳስ በረኛዋን አልፋ ስትሄድ፣ አፊፋ ከየት መጣች ሳይባል የግብ መስመሩ ላይ ደርሳ በጭንቅላቷ አወጣቻት። ወዲያው ፊሽካ ተነፋ። ሩፈይዳ «አሸነፍን» ብላ ጻፈች።

አባቦራ ብዙ ሳይቆይ መለሰላት። «አልሀምዱሊላ ልጄ። እኔ ቴሌቪዢን የለኝም። ባንቺ አይን አየሁ።»

ለአንድ ሰው መንገር ፈለገች። የነበረቻት ጓደኛ ጸጋ ብቻ ነበረች፤ እሷም ዓመቱ ሲጀመር ከቤተሰቧ ጋር ወደ ሆሳዕና ከተማ ተዛውራለች። ደወለችላት። ስልኩ ዝግ ነው። በር ላይ ወጥታ ቆመች። ግማሽ ሰዓት ያህል መንገዱ ጭር እንዳለ ቆየ። ቀጥሎ አንድ ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ፤ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ አሥር። ጠዋት የሳቁባት ልጆች ባንዲራ ለብሰው እየጨፈሩ አለፉ። አንዳቸውም አላወቋትም።

እሑድ ማታ ስለ ጨዋታው የጻፈችው ጽሑፍ ከሰው ወደ ሰው ተላለፈ። ሰኞ ጠዋት ገጹን ስትከፍት ተከታዮቹ አራት ሺህ ሆነዋል። ማክሰኞ ሃያ ሺህ አለፉ።

ሩፈይዳ በምትማርበት አሥረኛ ክፍል ውስጥ ሊያ የምትባለውን ልጅ የማያውቅ የለም። ቤቷ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ነው፤ ስትስቅ ክፍሉ በሙሉ ይስቃል። እስከዚያ ቀን ድረስ ሩፈይዳን «እርሳስ አለሽ?» ከማለት በቀር አናግራት አታውቅም።

«ገጹ ያንቺ ነው እንዴ?» አለቻት ማክሰኞ በእረፍት ሰዓት። «አንቺ! ቀሽት ነሽ እኮ! ነይ፣ እኛ ጋ ቁጭ በይ።»

ሩፈይዳ ከትምህርት ቤቱ ዋርካ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ፣ በሊያና ፋሂም በሚባል የክፍላቸው ልጅ መካከል ተቀመጠች። ጸጋ ከሄደች ወዲህ እረፍት ሰዓትን ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ነበር የምታሳልፈው። አሁን ግን ሰው ስሟን እየጠራ ይጠይቃታል፣ ስታወራም ይሰማታል። ምሳ ዕቃዋን ሳትከፍተው ደወሉ ተደወለ።

ፋሂም ቪዲዮ ማቀናበር ይችልበታል። «ብቻሽን አትችይውም። እኔንና ሊያን የገጹ አድሚን አድርጊን፣ እንረዳሻለን» አላት። ደስ እያላት እሺ አለች።

ረቡዕ ጠዋት ገጿ ላይ እሷ ያላወጣችው ቪዲዮ አገኘች። አፊፋ በራሷ ግብ ላይ ስታስቆጥር ያሳያል። ስድስት ጊዜ ይደጋገማል፤ ኳሷ በገባች ቁጥር የአህያ ድምፅ ይሰማል። መጨረሻ ላይ የአፊፋ ፊት ቀርቦ ይቆማል፤ አፏ ተከፍቶ፣ ዓይኗ ፈጦ። ከሥር ሰው የጻፈው ማለቂያ የለውም። «ማጀት ትመለስ።» «ይቺ ወንድ ናት ሴት?» ግብ መስመር ላይ ያዳነቻትን ኳስ ያነሳ ሰው ግን አንድም አልነበረም።

«ይሄ ነገር ደስ አይልም» አለች ሩፈይዳ አግዳሚው ላይ። ድምፅዋ ለራሷ እንኳ አልተሰማትም።

«ኧረ ዘና በይ!» አለች ሊያ። «ቀልድ እኮ ነው። ዘጠና ሺህ ሰው አይቶታል፣ ይገባሻል?»

ሩፈይዳ ምሳ ዕቃዋን ከፈተች። ብትቀጥል አግዳሚው ላይ ያገኘችውን ቦታ የምታጣው መሰላት።

ሐሙስ፣ መምህሩ ሳይገቡ፣ ሊያ ስልኳን ከደብተሯ ሥር እያየች ድንገት በሳቅ ፈነዳች። «ስሙኝ፣ ስሙኝ! አባቦራ የሚባሉ ሽማግሌ የጻፉትን ስሙ!» ድምፅዋን እንደ ሽማግሌ አንቀጠቀጠችና፣ እያንዳንዱን የፊደል ስሕተት እየጎተተች አነበበች።

«ልጆቼ። እቺ ልጅ የልጄ ልጅ ናት። እናትዋ ሞታ እኔ ነኝ ያሳደኩዋት። ዋጫዉን ያመታችው እሱዋም ናት። እባካቹ ተዋት።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ፋሂም ጠረጴዛውን ደበደበ። «‹አባባ መጀመሪያ ፊደል ይቁጠሩ› ብሎ የመለሰላቸው አለ!» አለች ሊያ እንባዋን እየጠረገች። ከዚያም ዞር ብላ ሩፈይዳን አየቻት።

ሩፈይዳም ሳቀች።

አጭር ሳቅ ነበረች። ዓመት ሙሉ ስለ አንዲት ተጫዋች ብቻ ሲጠይቋት የኖሩት ሰው ለምን እንደሚጠይቁ የገባት ገና አሁን ነው።

ቤት እንደደረሰች የአባቦራን ጽሑፍ ፈለገችው። የለም። አጥፍተውታል፤ ከሥሩ የነበረው ሳቅ ሁሉ አብሮ ጠፍቷል። የተከታዮቹን ዝርዝር እየገፋች የድሮዎቹን ፈለገች። የአባቦራን በቅሎ አጣቻት። ሠላሳ አንድ ሺህ ሰው ባለበት ገጽ ላይ፣ ባዶ ቤት ውስጥ የምትጣራ ያህል ተሰማት።

ቪዲዮውን አጠፋችው። ሊያንና ፋሂምን ከአድሚንነት አወጣቻቸው። ከዚያ ለአባቦራ መልእክት መጻፍ ጀመረች፤ ጻፈች፣ ሰረዘች፣ እንደገና ጻፈች። በመጨረሻ የላከችው፣ «አባባ፣ ቪዲዮውን አጥፍቼዋለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሩፈይዳ» የሚል ብቻ ነበር። ስለ ሳቋ አልጻፈችም።

ዓርብ ጠዋት ሊያ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀቻት። «ምን ሆነሽ ነው? ሳትነግሪን? ፋሂም ሌሊቱን ሙሉ የሠራው እኮ ነው!»

«ልጅቷን ታውቂያታለሽ? አያቷ እኮ ናቸው የለመኑት።»

«እና? አንቺም ስቀሻል!» አለች ሊያ።

በእረፍት ሰዓት አግዳሚው ላይ፣ እሷ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ የሊያ ቦርሳ ተቀምጦ ነበር። ሩፈይዳ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ሄደች። ግድግዳው በዝናቡ ርሷል። ዳቦዋን ቆማ በላች።

ከሰዓት በኋላ ስልኳ ላይ የድምፅ መልእክት ከስልክ ቁጥር ጋር ደረሳት። የሽማግሌ ድምፅ ነው፤ በመሀል በመሀል ዶሮ ይጮኻል።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ስጽፍ ሰው ሳቀብኝ፤ በአፌ ይሻላል። አንቺን አልተቀየምኩም። ዓመት ሙሉ ስለ ልጄ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። አፊፋ ነገ በአምስት ሰዓት አጋሮ ትገባለች። ለማንም እንዳትናገር ብላኛለች። ግን ዋንጫ ያመጣን ሰው እንዴት አንድ ሽማግሌ ብቻውን ይቀበለዋል? ማሎ፣ እባክሽ፣ ከቻልሽ ነይ።»

ሩፈይዳ መልእክቱን ለእናቷ አሰማቻት። ሐጂራ የስፌት መኪናውን አቁማ ሁለት ጊዜ ሰማችው። «ቁጥራቸውን አምጪ» አለችና ራሷ ደወለች። በኦሮምኛ ብዙ አወሩ፤ የማን ዘመድ እንደሆኑ፣ የት ሰፈር እንደሚኖሩ፣ በየትኛው መስጊድ እንደሚሰግዱ ጠየቀቻቸው። ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ ለስልሶ ነበር።

«ከእህታቸው ልጅ ሱቅ ጨርቅ እገዛ ነበር። በስምንት ሰዓት ተመልሰሽ እዚህ ነሽ። ስትደርሺም ትደውያለሽ።»

በማግስቱ ሚኒባሱ ከጅማ ወጥቶ ወደ አጋሮ ሲወርድ፣ በመንገዱ ዳርና ዳር የቡና ማድረቂያ አልጋዎች ተደርድረዋል፤ ሴቶች ጎንበስ ብለው ቡናውን ያገላብጣሉ። ሩፈይዳ መስኮቱ ላይ ተደግፋ የምትለውን ስታስብ ሄደች። ቪዲዮውን ማጥፋቷን ያውቃሉ። ሳቋን የሚያውቅ ግን እዚያ አገር ማንም የለም።

አባቦራን ወዲያው ነው የለየቻቸው። መናኸሪያው መሀል፣ ሰው ሁሉ እየገፋቸው ሲያልፍ፣ አዲስ ኮት ለብሰው፣ የተጠቀለለ ጃንጥላ በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል።

«ሩፈይዳ? ያ ረቢ፣ ምን ያህል ትንሽ ነሽ!» አሉና እጇን ይዘው አልለቅ አሏት።

አፊፋ የመጣችበት ሚኒባስ ግማሽ ሰዓት ዘገየ። ስትወርድ ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ስባው ስለነበር ያወቃት ሰው አልነበረም። ረዳቱ ቦርሳዋን ከጣሪያ ላይ ወርውሮላት ሌላ ተሳፋሪ መጥራት ጀመረ። አያቷን ስታይ ግን ሻርፑን ለቀቀችው። አባቦራ አቅፈዋት ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሩፈይዳ ዞር ብላ የብርቱካን ሻጮቹን ማየት ጀመረች።

«ነይ፣ ነይ!» አሉ ሽማግሌው እንባቸውን በኮታቸው እጅጌ እየጠረጉ። «አፊፋ፣ እቺ ናት ያልኩሽ። በየደቂቃው የምትጽፍልኝ። ያንን ቆሻሻ ያጠፋችውም እሷ ናት!»

አፊፋ ሳቅ አለችና እቅፍ አደረገቻት። «አንቺ ነሽ? በስልክ ስናወራ ከኔ ይልቅ ያንቺን ወሬ ነው የሚያወራልኝ። ቤት ትመጫለሽ አይደል? ምሳ አብረን እንበላለን።»

ሩፈይዳን ከጸጋ ወዲህ ያቀፋት ሰው አልነበረም። ዝም ብትል ምሳ ትበላለች፣ ፎቶ ትነሳለች፣ ወዳጅ አግኝታ ትመለሳለች።

አባቦራ ባጃጅ ሊጠሩ ወደ መንገዱ ሄዱ። ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

«ቪዲዮው የወጣው በኔ ገጽ ላይ ነው» አለች ሩፈይዳ። «የሠሩት ልጆች አብረውኝ የሚማሩ ናቸው፤ እኔ ነኝ ያስገባኋቸው። አባባ የጻፉት ክፍል ውስጥ ሲነበብ ደግሞ... እኔም ስቄያለሁ።»

አፊፋ እጇን ከሩፈይዳ ትከሻ ላይ አነሳች። አንድ አውቶቡስ ሁለቱንም በአቧራ ሸፍኗቸው አለፈ።

«ቪዲዮውን መጀመሪያ ሳየው እኔም ሳቅኩ» አለች በመጨረሻ። «ቡድኑ በሙሉ ነው የሳቀው። መቶ ሰው መቶ ጊዜ ሲልክልኝ ነው ያልቻልኩት።» ቦርሳዋን ከመሬት አነሳች። «የአያቴን ጽሑፍ ግን አላየሁትም። እኔ ሳልደርስ አጥፍቶታል። ምን ብለው እንደመለሱለትም አልነገረኝም።»

ሩፈይዳ አንገቷን ደፋች።

«ለኔ ነገርሽኝ» አለች አፊፋ። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ ሙቀትም አልነበረበትም። «የሳቅሽው ግን በሱ ነው። ለሱ ነግረሽዋል?»

«አልነገርኳቸውም።»

አፊፋ ሻርፗን አስተካክላ ባለችበት ቆመች።

ከመንገዱ ማዶ አባቦራ ከባጃጁ ሹፌር ጋር በደስታ ይጨዋወታሉ፤ በጃንጥላቸው ወደ እነሱ እየጠቆሙ አንድ ነገር ይነግሩታል። ሹፌሩ አንገቱን አስግጎ ወደ ልጆቹ አየ። ሩፈይዳ ግራና ቀኙን አይታ መንገዱን ተሻገረች።

«አባባ» አለች።

ሽማግሌው ፈገግ እንዳሉ ዞሩላት።

«ከመሄዳችን በፊት፣ ብቻዎን የምነግርዎ ነገር አለ።»