ቶደር «ጋታ» ያለበት ጠዋት

ሽማግሌው ቶደር ከፕሪም ዛፉ ሥር፣ ከመሰላሉ አጠገብ ሞቶ ተገኘ። የአትክልት ቦታዬን ለድንጋይ ካባ አልሸጥም ብሎ ከመንደሩ ከንቲባ ጋር የተናነቀ ሰው ነበር።

«ከመሰላል ወድቆ ነው፤ መዝገቡን ዝጊው» አሉ የመርማሪ ቬቱሪያ አለቃ በስልክ።

«የጫማው ተረከዝ ብቻ ነው ጭቃ የለበሰው። ተጎትቷል። አልዘጋም!» ብላ ጆሯቸው ላይ ዘጋችባቸው።

ጎረቤቲቱን እማማ ሳቬታን ጠየቀች።

«ጠዋት ከአጥሩ ወዲያ ‹ጋታ!› ሲል ሰማሁ።»

«ተቆጥቶ?»

«ምኑን ለይቼው ልጄ! ጋታ ጋታ ነው።»

ጭንቁም እሱ ነበር። በእኛ አገር የመረረው ሰው «ጋታ» ይላል፣ በቃኝ ሲል። ሾርባዋ የበሰለላትም «ጋታ» ትላለች፣ ደረሰ ስትል። ሥራ የጨረሰም ያንኑ ነው የሚለው። መንደሩ ግን ፈርዶ ጨርሷል፦ ቶደር የወንድሙን ልጅ ትራያንን «በቃህ!» አለው፣ ልጁም ገደለው።

ከንቲባ ኑጹ በበኩላቸው ቀኑን ሙሉ ከተማ እንደነበሩ ነገሯት።

ቬቱሪያ ከቤቱ ኋላ ወዳለችው የአረቄ ማውጫ ጎጆ ገባች። ጋኑ ተከድኗል፤ አመዱ ግን ገና ትኩስ ነው። ጣቷን ከአረቄው ማጠራቀሚያ ነክራ ቀመሰች። ለማንም አልተነፈሰችም።

በማግስቱ አስከሬኑ በተዘረጋበት ክፍል ሁሉንም ሰበሰበች።

«ቶደር ‹ጋታ› ሲል ምን ማለቱ ነበር?»

«እኔን በቃህ ማለቱ ነው የምትሉት አይደል?» አለ ትራያን ዓይኑ ቀልቶ። «እዚህ አልነበርኩም! ካሻችሁ ስቀሉኝ!»

ከንቲባው ሳቁ። «ምን ያካርራል? የፖም አረቄው ደረሰ ማለቱ ነዋ! ጠጣ፣ መሰላል ላይ ወጣ፣ ወደቀ።»

«የፖም?» አለች የቶደር ሚስት ፍሎሬያ ደንግጣ። «ቶደር ዕድሜውን ሙሉ ከፕሪም ሌላ አውጥቶ አያውቅም!»

«ትናንት አወጣ፤ ቀምሼዋለሁ» አለች ቬቱሪያ። «አንቺ እህትሽ ዘንድ ስለነበርሽ አላወቅሽም። ሰው ብቻውን ሆኖ ‹ደረሰ!› ብሎ አይጮህም፤ የሚያስቀምሰው እንግዳ ነበረው። እንግዳው መትቶ ገደለው፤ እሳቱን አጠፋ፣ ጋኑን ከደነ፣ ሬሳውን መሰላሉ ሥር ጎተተ። ክቡር ከንቲባ፣ ከተማ ከነበሩ ፖም መሆኑን ማን ነገረዎት?»



«ልታረቅ ነበር የሄድኩት!» ጮኹ ከንቲባው። «መሬቱን ሳነሳበት ሳቀብኝ! አንቺስ ማንን እንደነካሽ ታውቂያለሽ? ነገ ሥራ የለሽም!»

«የነገን ነገ እናየዋለን። እጅህን አምጣ።»

በሩ ላይ ፍሎሬያ መንገዱን ዘጋች። ካቴና የገባለት ከንቲባ ዓይኗን ሸሸ። እሷ ግን እጇን ዘርግታ ባርኔጣውን ከራሱ ላይ አወለቀች።

«አስከሬን ፊት ነህ» አለችው።