ማንኛውም ድምፅ

ዓለም ባንክ ፌርማታው አጠገብ ሀያቱ የሚባል ጫማ ነጋዴ አለ። ሱቁ በር ላይ ሞንታርቦ ሰቅሎ ከጠዋት እስከ ማታ «ጫማ በቅናሽ! ጫማ በቅናሽ!» ያስጮኻል። ገዢ ኖረም አልኖረም ሞንታርቦው አይደክመውም። ከሱቁ ፊት ለፊት ባለው ቤት መስኮት ሥር ደግሞ የሌሊሴ እናት እማማ አየለች ደም ግፊት ጥሏቸው ተኝተዋል።

ሌሊሴ መጀመሪያ የሄደችው በደህና ቃል ነበር።

«ወንድሜ ሀያቱ፣ እናቴ ታማብኛለች፤ ትንሽ ቀንስልኝ።»

«እህቴ፣ ይኼ ሰፈር ነው እንጂ ገዳም አይደለም» አላትና ይባስ ብሎ ጨመረው።

ደሟ ፈላ። እናቷ በየጩኸቱ ሲባንኑ እያየች «ባላሳየው የእናቴ ልጅ አይደለሁም» ብላ ማለች። ብድግ ብላም ለወረዳው አቤቱታ ጻፈች።

ጎረቤቷ ጋሽ ቱሉ የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ናቸው። ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ እየዞሩ ሰፈሩን ለቀብር የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። አቤቱታውን ስታነብላቸው መሀል ላይ አስቆሟት።

«‹ማንኛውም ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ፣ በማንኛውም ሰዓት› ያልሽው በዝቷል። ሰዓት ቁረጡና ተስማሙ እንጂ። ሰፈር ያለ ድምፅ አይኖርም።»

«ጋሽ ቱሉ፣ እርስዎ አያውቁትም፤ ቀዳዳ ካገኘ ሾልኮ ይወጣል። እኔ የምፈልገው እንዲቀንስ አይደለም፤ እንዲያለቅስ ነው።»

ደንብ አስከባሪዎች መጡ። ሞንታርቦው ተወሰደ፣ ሱቁ ታሸገ፣ ክልከላው በዚያው በእሷ ቃል ተጽፎ በየአጥሩ ተለጠፈ። ሌሊሴ በመስኮት እያየች አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ሀያቱስ መቼ ይተኛል? የተለጠፈውን ቆሞ አነበበና «ማንኛውም ካለች ማንኛውም ይሁን» ብሎ የዕድሩን ጥሩምባ ለደንብ አስከባሪዎቹ ጠቆመ። ጋሽ ቱሉ ቢነፉ እንደሚቀጡ ተነገራቸው። ሌሊሴ ይህን ስትሰማ የቆጫት የጥሩምባው ነገር ሳይሆን ሀያቱ አለመንበርከኩ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት እማማ አየለች አረፉ።

ጥሩምባ አልተነፋም። ወጣቱ በስልክ ቢሰማም ሥራ ላይ ነበር፤ ስልክ የማይዙት የሟቿ እኩዮች ጭራሽ አልሰሙም። አርባ ዓመት ሙሉ ከሰው ቀብር ቀርተው የማያውቁ ሴት፣ አንድ ሚኒባስ የማይሞላ ሰው ሸኝቷቸው ተቀበሩ። በማግስቱ የልብ ጓደኛቸው እማማ ገበያነሽ እየወደቁ እየተነሱ ለቅሶ ቤት ገቡ።

«ልጄ፣ ምን አድርጌያችሁ ነው የደበቃችሁኝ?»

ሌሊሴ ተነስታ ደገፈቻቸው። ሀያቱ ከአሮጊቷ ኋላ ቆሞ ነበር።

«ጥሩምባውን የጠቆምኩት እኔ ነኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «አንቺን ላናድድ ብዬ ነው፤ እናትሽን አላሰብኩም።»

ልታባርረው አፏን ከፈተች። ግን ያቺን «ማንኛውም» የምትል ቃል በገዛ እጇ የጻፈቻት እሷ ናት። ማንን ትበቀል?

«ቁጭ በል» አለችው።

ለቅሶው እንዳለፈ አብረው ወረዳ ሄዱ። ሞንታርቦው ከረፋድ እስከ አመሻሽ ብቻ፣ ያውም ድምፁ ከሱቁ ሳይርቅ፤ በሽተኛ ካለ ጭራሽ ይዘጋ፤ የዕድር ጥሩምባ ይፈቀድ ብለው አስጻፉ። ወገኖቼ፣ ደንብ ያስፈልገናል፤ በበሽተኛ ጆሮ ላይ መነገድም ነውር ነው። ቂም የጻፈው ደንብ ግን ዓይን የለውም፤ ጠላትንም የገዛ እናትንም እኩል ይመታል።

ሌሊሴ አዲሱን ወረቀት ለጋሽ ቱሉ አነበበችላቸው። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«ጥሩ ነው፣ ልጄ» አሏት። «ለሚቀጥለው ሟች ይደርሳል።»